ሂውማን ጂኦግራፊን በዩኒቨርሲቲ እንዴት እናጥና? ከመጀመሪያው ኮርስ እስከ መመረቂያ ጽሑፍ

ጂኦግራፊ ዲፓርትመንት የሚገባ ብዙ ተማሪ የመጀመሪያ ምርጫው ሆኖ አይደለም የሚገባው። ዘመድም «አስተማሪ ልትሆን ነው?» ብሎ ይደመድማል። ተማሪው ሀንዳውቱን ኮፒ አስደርጎ፣ ለሚድና ለፋይናል ሸምድዶ ይመረቃል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ሰው ለምን እዚህ ሰፈረ፣ ለምን ከዚያ ለቀቀ፣ ገበያው ለምን እዚህ ቆመ፣ ከተማው ለምን በዚህ በኩል ሰፋ የሚሉ ጥያቄዎችን በሥርዓት የሚይዝ ሌላ ትምህርት ብዙ የለም። ይህ መመሪያ ጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት ክፍል ውስጥ ሆናችሁ ወደ ሂውማን ጂኦግራፊ (የሰውን አሰፋፈር፣ እንቅስቃሴና ኑሮ ወደሚያጠናው ዘርፍ) ማዘንበል ለምትፈልጉ ነው። ምክሩ ሁሉ የሚቆመው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ክፍል ውስጥ የሰማችሁትን ማንኛውንም ቲዎሪ በእግራችሁ ሄዳችሁ ልታዩት በምትችሉት ቦታ ላይ ፈትኑት።

1ኛ. «ለምን እዚህ?» ማለትን ልማድ አድርጉት

ፍሬሽማን ሁሉ የሚወስደው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ኮርስ ካለፈ በኋላ ደብተሩን አትጣሉት። በኋላ የሚመጡት የሕዝብ፣ የከተማና የኢኮኖሚ ጂኦግራፊ ኮርሶች ወደዚያው ይመልሷችኋል።

ማስታወሻ ስትይዙ ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በአንዱ በኩል መምህሩ ያስተማረውን ጻፉ። በሌላው በኩል ደግሞ ያው ነገር እናንተ በምታውቁት ቦታ እንዴት እንደሚታይ ጻፉ። ለምሳሌ ስለ ከተሞች አቀማመጥ ስትማሩ ደሴንና ኮምቦልቻን አስቡ። ሁለቱ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይራራቁም። ደሴ ተራራ ተደግፎ የቆየ የአስተዳደርና የንግድ ከተማ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የአውሮፕላን ማረፊያውና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ግን ኮምቦልቻ ነው ያሉት። ለምን? ኮምቦልቻ ሜዳ አለው፤ በባቲ በኩል ወደ አፋርና ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚያ ነው። የከተማን ሳይትና ሲቹዌሽን፣ ማለትም ከተማው ያረፈበትን መሬትና ከሌላው አካባቢ ጋር ያለውን ግንኙነት ለይቶ ማየት የሚባለው ይኸው ነው። ትርጉሙን ከመሸምደድ ይልቅ በዚህ ምሳሌ ብትይዙት ፈተና ላይ አይጠፋችሁም።

ምሳሌ የሚሆን ቦታ ካጣችሁ የተወለዳችሁበትን ቀበሌ ውሰዱ። ስለዚያ ቦታ ከማንም መምህር በላይ ታውቃላችሁ።

2ኛ. ካርታ ማንበብ ላይ ጊዜ አጥፉ

ወደ ሂውማን ጂኦግራፊ የሚያዘነብል ተማሪ ካርታን የፊዚካል ጂኦግራፊ (የመሬትና የአየር ንብረት) ሰዎች ሥራ አድርጎ ይተወዋል። ትልቅ ጥፋት ነው። 1፡50,000 ስኬል ያለውን የአካባቢያችሁን ካርታ ፈልጉ። ዲፓርትመንታችሁ የካርታ ክፍል ካለው እዚያ ታገኙታላችሁ፤ ከሌለው በአዲስ አበባ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት አለ። በዚህ ካርታ 2 ሴንቲ ሜትር ማለት መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ካርታውን ዘርግታችሁ መንደሮቹ የት እንደተቀመጡ ብቻ እዩ። በደጋው አገር አብዛኛውን ጊዜ ታችኛው ረግረግ ላይ ሳይሆን ከፍ ካለው ጫፍ ወይም ከተዳፋቱ መሃል ታገኟቸዋላችሁ። ምክንያቱን ደግሞ ሽማግሌ ጠይቁ፦ ወባ፣ ጎርፍ፣ የግጦሽ መሬት፣ የጥንት ጦርነት። መልሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የሚጣፍጠውም ለዚህ ነው።

አንድ ቴክኒካዊ ነገር ከአሁኑ ልብ በሉ። የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የቦታ መለኪያ መነሻ) ነው፤ የስልካችሁ ጂፒኤስ ግን ደብልዩጂኤስ 84 ነው የሚጠቀመው። ሁለቱን ሳታስታርቁ አንድ ላይ ብትጭኗቸው ነጥባችሁ 200 ሜትር አካባቢ ይስታል፤ የለካችሁት ትምህርት ቤት ወንዝ ውስጥ ይገባል። ዩቲኤም የሚባለው፣ ምድርን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚያመለክተው ሥርዓት ዞንም እንዲሁ ነው። አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ዞን 37 ውስጥ ነው፤ ጋምቤላን የመሰለው ምዕራቡ ዞን 36፣ ጅጅጋ ደግሞ ዞን 38 ነው። ድሬዳዋና ሐረር ቅርብ ለቅርብ ሆነው የዞን ድንበሩ በመካከላቸው ስለሚያልፍ ድሬዳዋ 37፣ ሐረር 38 ውስጥ ናቸው። ምሥራቅ ሐረርጌ ላይ የምትሠሩ ተጠንቀቁ።

3ኛ. ቲዎሪውን አምናችሁ አትቀበሉት፤ ፈትኑት

የፈተና ወረቀት ላይ የሚመጡት ስሞች ብዙ አይደሉም፦ ማልተስ (የሕዝብ ብዛት)፣ ቮን ቱነን (የእርሻ ቦታ)፣ ራቨንስታይን (ፍልሰት)፣ ቬበር (የኢንዱስትሪ ቦታ)፣ ክሪስታለር (የገበያ ማዕከላት)፣ በርጀስ (የከተማ አሰፋፍ)፣ ቦዝረፕ (የሕዝብ ብዛትና ግብርና)። ከሞላ ጎደል ሁሉም አውሮፓን ወይም አሜሪካን አይተው ነው የጻፉት። ስለዚህ እያንዳንዱን «እኛ አገር ይሠራል? ካልሠራስ ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቮን ቱነን እ.ኤ.አ. በ1826 ሰሜን ጀርመንን ይዞ ያለው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ በከተማ ዙሪያ ያለው የእርሻ ዓይነት የሚወሰነው ምርቱን ወደ ገበያ ለማድረስ በሚጠይቀው ወጪ ነው። ቶሎ የሚበላሸው ወተትና አትክልት ለከተማው ይቀርባል፤ ከባድ የሆነው ማገዶ ይከተላል፤ እህል ራቅ ይላል፤ በእግሩ የሚሄደው ከብት መጨረሻ ላይ ነው። ማገዶን ከከተማ አጠገብ ማስቀመጡ ለአውሮፓ ተማሪ ግራ ያጋባል። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ግን ግልጽ ነው፤ እንጦጦን ቀና ብሎ ማየት ይበቃዋል። በምኒልክ ዘመን ማገዶ ሲጠፋ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማዋን እንደ መቀነት ዙሪያዋን ይዟት ኖሯል። ሮናልድ ሆርቫት የሚባል ጂኦግራፈር እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ የቮን ቱነን ሐሳብ አዲስ አበባ ዙሪያ ፈትኖታል።

እናንተ ከዚያ ቀጥሉ። ዛሬ በሆለታ፣ በሰበታና በዝዋይ ያሉትን የአበባ እርሻዎች አስቡ። ጽጌረዳም ቶሎ ይበላሻል፤ ገዢው ግን ያለው አውሮፓ ነው። ስለዚህ የእርሻዎቹ «ከተማ» ፒያሳ ወይም መርካቶ ሳይሆን ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ቱነን አልተሳሳተም፤ ማዕከሉ ነው ቦታ የቀየረው። ፈተና ላይ እንዲህ ብላችሁ ብትጽፉ ሀንዳውቱን ከገለበጠው ተማሪ እንደምትለዩ ጥርጥር የለኝም።

ፍልሰት ላይ ደግሞ ራቨንስታይን አለ። እ.ኤ.አ. በ1885 የእንግሊዝን ቆጠራ ይዞ አብዛኛው ሰው የሚፈልሰው አጭር ርቀት እንደሆነ፣ በአጭር ርቀት ፍልሰት ላይም ሴቶች እንደሚበዙ ጻፈ። ከገጠር ወደ ቅርቡ የወረዳ ከተማ ለሰው ቤት ሥራ የሚመጡትን ልጃገረዶች ስታዩ እውነቱን ነው ትላላችሁ። ከወሎ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ሊባኖስ የሄዱትን ሴቶች ስታዩ ግን ርቀቱ ምንም አላገዳቸውም። እዚያ ያለው የቤት ሠራተኛ ፍላጎት፣ ቀድማ የሄደች እህት ወይም የአክስት ልጅ፣ ደላላው፣ ሃይማኖቱና ቋንቋው ሩቁን አገር አቅርበውታል። ሳዑዲ ያለች እህት ያላት ልጅ ለእሷ ከአዲስ አበባ ይልቅ ጅዳ ትቀርባለች።

እግረ መንገዴን፦ የፍልሰት ጽሑፎችን ሁሉ «ምክንያቱ ድህነት ነው» ብሎ መዝጋት ይቅር። ለደላላ የሚከፈለውን ገንዘብ ማን ነው የሚያገኘው? ብዙ ጊዜ የሚሄደው ከሁሉም የደኸየው ሳይሆን በሬ ሸጦም ሆነ ተበድሮ መሄጃ ማግኘት የቻለው ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ረሃብ ያስተማሩት ትልቅ ነገርም ከዚህ ጋር ይዛመዳል፦ ዝናብ መቅረቱ ብቻውን ረሃብ አይሆንም፤ ገበሬውን ለአንድ ክረምት መጥፋት እንኳ አቅም ያሳጣው ሥርዓት አብሮ መታየት አለበት።

4ኛ. ቁጥሩን ከመጠቀማችሁ በፊት እንዴት እንደተቆጠረ እወቁ

ኢትዮጵያ ሦስት የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካሂዳለች፦ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ ዛሬ የምታዩት የወረዳ ሕዝብ ብዛት ሁሉ ከ1999ኙ ተነሥቶ የተሠራ ትንበያ እንጂ የተቆጠረ አይደለም። ጽሑፋችሁ ውስጥ «ትንበያ» የሚለውን ቃል አትዝለሉት።

ቆጠራው ራሱም በአንድ ቀን አልተካሄደም። የ1999ኙ በአብዛኛው አገር ግንቦት 1999 ሲሆን በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ኅዳር 2000 ነው የተካሄደው። ዓመተ ምሕረቱንም ተጠንቀቁ፦ ሪፖርቱ 2007 ሲል እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ሁለቱን አቆጣጠር የቀላቀለ ተማሪ የሕዝብ ዕድገት ምጣኔው የማይሆን ቁጥር ይወጣል።

ከዚህ የባሰው ወጥመድ ወሰን ነው። ሁለት ቆጠራዎችን ስታወዳድሩ በመካከሉ ወረዳው ተከፍሎ ሊሆን ይችላል። ሕዝቡ «ቀነሰ» ብላችሁ ምክንያት መፈለግ ትጀምራላችሁ፤ ሰው ግን የትም አልሄደም፣ ግማሹ ቀበሌ ለአዲሱ ወረዳ ተሰጥቶ ነው። አዲስ አበባ በ1999 ቆጠራ ጊዜ 10 ክፍለ ከተማ ነበራት፤ አሁን ለሚ ኩራ ተጨምሮ 11 ነው። የቀድሞው ደቡብ ክልል ዛሬ አራት ክልል ሆኗል። ስለዚህ መጀመሪያ የሁለቱን ዘመን የቀበሌ ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ከዚያ የተከፈሉትን መልሳችሁ አዋህዱና አወዳድሩ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

«ከተማ» ተብሎ የተቆጠረው ምን እንደሆነም ሪፖርቱ መግቢያ ላይ አንብቡ። በመርህ ደረጃ 2,000 ነዋሪ መነሻ ቢሆንም የወረዳ ዋና ከተሞች ብዛታቸው ምንም ይሁን ምን ከተማ ተብለው ይያዛሉ።

5ኛ. የመጀመሪያ ፊልዳችሁን ገበያ ላይ ሥሩ

መምህሩ እስኪወስዳችሁ አትጠብቁ። ከካምፓሳችሁ አጠገብ የሳምንት ገበያ ያለበትን ቦታ ምረጡ፣ አራት አምስት ሆናችሁ ተደራጁ፣ ከዲፓርትመንቱ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፉ። ደብዳቤውን መጀመሪያ ለወረዳው፣ ከዚያ ለቀበሌው አድርሱ፤ በዚያውም የአካባቢውን ሰላም ጠይቁ። ደብዳቤ ሳይዝ ገበያ መሃል ቆሞ የሚጽፍ ሰው ግብር ሊያስጨምር የመጣ ነው የሚመስለው፤ ነጋዴውም የተሳሳተ መልስ ቢሰጥ አይፈረድበትም።

ገበያው ሳይሞላ ድረሱ። በመጀመሪያ ባዶውን ሜዳ በእጃችሁ ንደፉ፤ መንገዶቹን፣ ትልቁን ዛፍ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን፣ ውኃውን አስቀምጡ። ሰው ሲመጣ ተራዎቹን ሙሉበት፦ እህል ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሸክላ ተራ፣ ከብት ተራ። ከብት ተራ ለምን ዳር እንደሆነ፣ በርበሬ ለምን ከቅቤ እንደራቀ ራሱ ገበያው ይነግራችኋል።

ከዚያ በየመግቢያው መንገድ አንድ አንድ ሰው ይቁም። በየግማሽ ሰዓቱ የሚገባውን ቁጠሩ፦ እግረኛ፣ የተጫነ አህያ፣ ባጃጅ፣ አይሱዙ። የትኛው መንገድ ማለዳ እንደሚሞላና የትኛው አርፍዶ እንደሚሞላ ስታዩ ርቀቱ በሰዓት ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሻጮችን አራት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ከየት ቀበሌ መጡ? በእግር ስንት ሰዓት ነው? ምን ይዘው መጡ? በሌላ ቀን የትኛው ገበያ ይሄዳሉ?

ማታ ዶርም ስትመለሱ ከእያንዳንዱ ቀበሌ ወደ ገበያው መስመር አስምሩ። ለጨውና ለሳሙና የመጣው ከቅርብ፣ ለበሬ የመጣው ከሩቅ መሆኑ ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ክሪስታለር እ.ኤ.አ. በ1933 ደቡብ ጀርመንን ይዞ የጻፈው ቲዎሪ መሠረቱ ይህ ነው፦ ሰው ለአንድ ዕቃ ለመሄድ የሚፈቅደው ርቀት አለው፤ ሻጩም ሥራው እንዲያዋጣው የሚያስፈልገው ዝቅተኛ የገዢ ቁጥር አለ። ያ ቁጥር በየቀኑ ሳይሟላ ሲቀር ገበያው በሳምንት አንዴ ይቆማል፤ ጎረቤት ገበያዎችም ነጋዴ እንዳይሻሙ ቀናቸውን ይለያያሉ። አራተኛው ጥያቄያችሁ ይህን ነው የሚያወጣው።

ዕድሉ ካላችሁ የተለያየ የአየር ንብረት የሚገናኝበትን ገበያ እዩ። የባቲ የሰኞ ገበያ ደገኛው በእህሉ፣ ቆለኛው በግመሉና በፍየሉ የሚገናኙበት ነው። ባቲ ያደገው የከፍታው ምድር ወደ አፋር ዝቅታ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ በመሆኑ ነው።

6ኛ. ቤት ለቤት ስትጠይቁ

መጀመሪያ የምትነገረው ቃል «ከዩኒቨርሲቲ ነን፤ ለትምህርታችን ነው፤ እርዳታ ይዘን አልመጣንም» ትሁን። ይህን ካላስቀደማችሁ ቤተሰቡ ስንት ነው ስትሉ ቁጥሩ ያብጣል፣ ከብት ስንት ነው ስትሉ ያንሳል።

ገቢን በቀጥታ አትጠይቁ። ባለፈው ሳምንት ገበያ ምን ሸጡ፣ ምን ገዙ፣ ከክረምት እስከ መኸር እህል አለቀ ወይስ ደረሰ ብላችሁ ጠይቁ። ባልየው ሲመልስ ሚስትየዋ ዝም ካለች፣ ስለ ውኃና ስለ ማገዶ ያለውን ክፍል ሴት የቡድን አባል ለብቻዋ ትጠይቃት፤ የሚቀዳውና የሚለቀመው በእሷ ነውና። አስተርጓሚ ካላችሁ አሳጥሮ እንዳይነግራችሁ ቀድማችሁ አስረዱት።

ዕድሜ ላይ ደግሞ እንዲህ ሥሩ። በቆጠራም ሆነ በዳሰሳ ጥናት 30፣ 40፣ 50 የሚሉ ዕድሜዎች ያለ ልክ ይበዛሉ፤ ሰው ወደ ሙሉ ቁጥር ስለሚያጠጋ ነው።

«አባቴ፣ ዕድሜዎ ስንት ይሆናል?»
«እንጃ ልጄ፣ ሃምሳ በለው።»
«ጃንሆይ ሲወርዱ ትዳር ይዘው ነበር?»
«ኧረ የለም! ያኔ እረኛ ነበርኩ። ጥጃ ነበር የምጠብቀው።»

ጃንሆይ የወረዱት መስከረም 1967 ነው። ጥጃ ጠባቂ ልጅ ስምንት ወይም አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። እንግዲህ እኚህ አባት ወደ 60 ይጠጋሉ። መጠይቃችሁ ጀርባ ላይ የዘመን ማስታወሻ ይኑራችሁ፦ 1967 የመሬት አዋጅ፣ 1977 ድርቅ፣ 1983 የመንግሥት ለውጥ፣ 1990 የኤርትራ ጦርነት መነሻ፣ 2000 ሚሌኒየም። የአካባቢውን ደግሞ እዚያው ጨምሩበት፤ መንገዱ የገባበትን፣ ትምህርት ቤቱ የተከፈተበትን ዓመት።

7ኛ. ኮምፒውተሩ

ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ በተሰነጠቀ ሶፍትዌር መሰቃየት አያስፈልግም። ጎግል ኧርዝ ፕሮ የቀድሞ ዓመታት የሳተላይት ምስል ስላለው ከተማችሁ በየት በኩል እንደሰፋ ዓመት እየቀያየራችሁ ታያላችሁ። መጠይቅን በስልክ ለመሙላት ኮቦቱልቦክስ ኔትወርክ በሌለበት ቦታም ይሠራል። የገበያውን መስመሮች በእጃችሁ ከሠራችሁ በኋላ በኪውጂአይኤስ ድገሙት፤ ሶፍትዌሩን ለመማር ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም።

8ኛ. የመመረቂያ ጽሑፍ

አርዕስት ከሲኒየሮች አትቅዱ። «የገጠር ወደ ከተማ ፍልሰት መንስኤና ውጤት በ… ከተማ» የሚለው ርዕስ ስሙ እየተቀየረ ሼልፍ ሞልቷል። አጥብቡት፦ አንድ መናኸሪያ፣ አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት፣ አንድ ገበያ፣ ከአንድ ቀበሌ የመጡ የቀን ሠራተኞች። ለምሳሌ ከመሃል ከተማ ተነሥተው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም የገቡ ሰዎች ዛሬ የት ይገበያያሉ፣ ዕድራቸው የት ነው፣ ልጆቻቸው የት ይማራሉ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሰው ቤቱን ቢቀይርም ሰፈሩን ምን ያህል እንደያዘ ካርታ ላይ ይወጣል።

ፕሮፖዛሉን ከማስገባታችሁ በፊት ቦታውን አንድ ቀን ዞራችሁ እዩ፤ ለአማካሪያችሁም በወሬ ሳይሆን ንድፍ ካርታ ይዛችሁ ቅረቡ። መጠይቁን በጥቂት ሰዎች ሞክሩት፤ ያልገባቸውን ጥያቄ ቀይሩ። ስንት ሰው እንደምትጠይቁ በቀመር ብቻ አትወስኑ፤ ቀመሩ 350 ቢላችሁና ጊዜያችሁ ለ120 ብቻ ቢሆን 120ውን በደንብ ጠይቃችሁ ምክንያቱን ጻፉ። ያልሞላችሁትን ቅጽ ዶርም ተቀምጦ መሙላት ግን ሌብነት ነው።

ዲፌንስ ላይ መርማሪዎች ከሁሉም ቀድመው የሚያነሡት «ይህን ቦታ ለምን መረጥክ?» የሚለውን ነው። «ለቤቴ ስለሚቀርብ» ብቻ ካላችሁ ይይዟችኋል። ቦታው ለጥያቄያችሁ ምን እንደሚያሳይ በሁለት ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ። ቀጥሎ ካርታውን ያያሉ፦ ስኬል፣ የሰሜን አቅጣጫ፣ መፍቻ፣ የመረጃው ዓመት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ጥሩ ጽሑፍም ነጥብ ይቀነስበታል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ስለሆነ፣ ጽሑፉን በመጨረሻው ሴሚስተር አጋማሽ ጨርሳችሁ ለፈተናው ጊዜ ተዉ። ፈተናው የፊዚካል ኮርሶችንም ይጠይቃል፤ ክላይማቶሎጂና ጂኦሞርፎሎጂን ችላ ያላችሁ ከዚያ ጀምሩ። ለሥራ ስታመለክቱ ደግሞ፣ የከተማ ፕላንም ይሁን የመሬት አስተዳደር፣ የአደጋ ስጋት ሥራም ይሁን የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት፣ ከሲቪያችሁ ጀርባ ራሳችሁ የሠራችሁትን አንድ ካርታ አያይዙ፤ መረጃውን ማን እንደሰበሰበና መቼ እንደሆነም ከሥሩ ጻፉበት።